የሰማንያ ዓመት ወዝ

የመልከጼዴቅን ሥራ ለሰው ማስረዳት ለልጁ ለናርዲ ሁሌም ፈተና ነበር። ትምህርት ቤት ሳለች “አባትሽ ምን ይሠራል?” ስትባል “ካዚኖ ውስጥ” ብላ ወሬ ትቀይራለች። እውነቱን ብትናገርማ ማን ያምናታል? ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ናስ ሲወለውል ኖረ። ሌላ ምንም አልሠራም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከሱዳን በስደት ላስ ቬጋስ ገባ፤ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ ካዚኖ ጨርቅና ቅባት አስጨበጠው፤ ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹ ታክሲ ሲነዱ፣ ካርታ ሲያድሉ፣ ሱቅ ከፍተው መልሰው ሲዘጉ እሱ ከናሱ አልተነቀለም።

ካዚኖው ውስጥ የደረጃው መደገፊያ ናስ ነው፣ የሊፍቱ በር ናስ ነው፣ የባንኮኒው ጠርዝ ናስ ነው። በቀን ስንት ሺህ ሰው ይነካዋል። ያሸነፈው በደስታ ይጨብጠዋል፣ የተበላው እንዳይወድቅ ይደገፈዋል። መልከጼዴቅ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የሁሉንም እጅ ያጠፋል። “የጣት አሻራ የግል ጠላቴ ነው” ይላል። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ቅባቱ በክብ በክብ እንደሚቀባ፣ ሲነሣ ግን በቀጥታ እንደሚነሣ፣ ጨርቁም በአራት ታጥፎ እንደሚያዝ ግማሽ ቀን ሙሉ ያስተምረዋል። ብዙዎቹ በሁለተኛው ቀን ተመልሰው አይመጡም። እሱ ግን ሥራውን ይወድ ነበር፤ ፊቱን የሚያይበት መደገፊያ ፊት ቆሞ ከረባቱን ሲያስተካክል ያየው ሰው የካዚኖው ባለቤት ነው ቢባል ያምናል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሀያ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሁሉ ተዘጉ። ሰኔ ላይ ሲከፈቱ የሌሎቹ ስልክ ጮኸ፣ የመልከጼዴቅ ስልክ ዝም አለ። በመጨረሻ ደብዳቤ መጣ። ስለ አገልግሎቱ ያመሰግናል፣ መልካሙን ሁሉ ይመኛል፣ ሥራው ግን የለም ይላል። ሰው ምንም ነገር እንዳይነካ በሚለመንበት ዘመን ናስ ወልዋይ ለምን ያስፈልጋል?

ቤቱ ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የበር እጀታዎቹን ወለወለ። በሁለተኛው ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧዎች ቅባቸው እስኪነሣ ፈተጋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የሰፈሩን የፖስታ ሣጥኖች በጠዋት ወጥቶ አንድ በአንድ ሲያብረቀርቃቸው ጎረቤት ፎቶ አነሣው፤ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ኤችኦኤውም “የጋራ ንብረት ላይ ፈቃድ የሌለው ሥራ” የሚል ማስጠንቀቂያ ላከለት። ሚስቱ ብርቅታይት ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ፊቱ ላይ አወዛወዘችው።

“አንተ ሰውዬ፣ ወይ ከዚህ ቤት የምትወጣበት ምክንያት ፈልግ፣ ካልሆነ ነገ እኔን ይዘህ ልትወለውለኝ ነው!”

ምክንያቱ ከናርዲ መጣ። ናርዲ ሀያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ውስጥ የመተንፈሻ መሣሪያ የገባላቸውን በሽተኞች ትከታተላለች። ያን ሰሞን “እናንተን ኢንፌክት ካደረግሁ ራሴን ይቅር አልልም” ብላ ከቤት ወጥታ አፓርትመንት ተከራይታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አባቷን ማየት ትፈልጋለች። ለዚህ ያገኘችው ዘዴ፣ ሁለቱም በየመኪናቸው ሆነው እሷ ከፊት እሱ ከኋላ፣ ከተማው ከመስተዋታቸው እስኪጠፋ በረሃውን ይዘው መንዳትና ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝ ወርዶ በርቀት ማውራት ነው። እንዲህ ሲነዱ ነው ሁለት ሰዓት ርቀው አንድ ገጠር ካውንቲ የገቡት። የካውንቲውን ስም ብጠራው የዚያ ሰዎች ይቆጡኛልና ልተወው። መኪና ለማቆም የሚመች ቦታ አገኙ፤ ዳር ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፤ ጽሑፍ አለበት። አባት በአንድ በኩል፣ ልጅ በሌላ በኩል ቆሙ።

“ሂስቶሪካል ማርከር ነው፣ አባዬ።”

“ምን ይላል?”

“እዚህ ጋ ፖስታ ቤት ነበር። ከዚያ ተቃጠለ።”

“እሺ፣ ከዚያስ?”

“ከዚያ በቃ። ተቃጠለ።”

መልከጼዴቅ ዙሪያውን ቃኘ። አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ አሸዋ። “ታዲያ ምኑን እንድናይ ነው ያቆሙን?”

“የተቃጠለበትን ቦታ።”

ማስኩ ከአፍንጫው እስኪወርድ ሳቀ። እሱ የሚያውቀው ቅርስ የቆመ ነገር ነው፤ ጫማ አውልቀህ የምትገባበት፣ አንገትህን ቀና አድርገህ ጣሪያውን የምታየው። እዚህ አገር ግን ለሌለ ነገር ሁሉ ድንጋይ ቆሞለታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደውሎ “ዛሬ ደግሞ የትኛውን የሌለ ነገር ነው የምናየው?” አላት። አሥራ አንድ ተማሪ ብቻ የነበሩትን የፈረሰ ትምህርት ቤት አዩ። ባቡር ሳይቆምበት የተዘጋውን የባቡር ጣቢያ አዩ። መንገደኞች ያረፉበት ዛፍ የቆመበትን ቦታም አዩ፤ ዛፉ የለም። መልከጼዴቅ እየሳቀ ጀምሮ ሳያስበው ወደደው። ሰው መጥቶ ደክሞ፣ ከስሮ ወይም ሞቶ ሄዶ፣ ከኋላው ደግሞ “እዚህ ነበር እኮ” የሚል ሌላ ሰው መገኘቱ አንጀቱን ይበላው ጀመር።

ሌላም ነገር ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ናርዲ ድንጋዩን እያየች ማንበብ ትጀምርና ድንጋዩ ላይ የሌለ ነገር ትናገራለች። “እዚህ ከብት ይጠጣ ነበር” ብላ ትጀምርና “ማክሰኞ ሺፍት ላይ አንድ ሰውዬ… ሚስቱ በስልክ ነው ጉድባይ ያለችው” ትላለች፤ ዓይኗን ከጽሑፉ ሳትነቅል። አባቷም አያቋርጣትም። ያ ድንጋይ መሐላቸው ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት ተያይተው አይነጋገሩትም ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ጥቅምት ላይ ናርዲ የካውንቲው የታሪክ ማኅበር በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልግ ኢንተርኔት ላይ አየችና አባቷን አስመዘገበችው። ሦስት ሐውልት ተሰጠው። በወር አንድ ጊዜ ሄዶ ፎቶ ያነሣል፣ ቆሻሻ ይለቅማል፣ አረም ይነቅላል። ስሙ ማኅበሩ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ብርቅታይትም ቅዳሜን ያለ ባል ማሳለፍ በመቻሏ የእሷ ልብ ከዚያ በላይ ጠጣ።

ከሦስቱ ሐውልቶች አንዱ የፒኬት ጉድጓድ ነው። ዱሮ የዕቃ ጫኝ ጋሪ በቅሎዎች ውሃ የሚጠጡበት ጉድጓድ ነበር፤ የቆፈረው አሞስ ፒኬት የተባለ ሰው ነው። በ1939 የተሠራ የነሐስ ሰሌዳ ድንጋይ ላይ ተለጥፎለታል። ሰሌዳው ጠቁሯል፤ ቡናማ ሆኗል፤ ስሙ ላይማ እንደ አሮጌ ኮርቻ ወዝቷል። መልከጼዴቅ ይህን ባየ ቁጥር እጁን ይበላው ነበር።

ማኅበሩ የላከው መመሪያ ላይ “ብረቱን በምንም ነገር አታጽዱ” ይላል። ናርዲ አንብባለታለች፣ ደግማም አንብባለታለች። ሰምቷል። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት! ይህ ማስጠንቀቂያ ጨርቅ ይዘው ለማያውቁ ሰዎች ነው እንጂ ለእሱ ሊሆን አይችልም ብሎ በልቡ ደመደመ። ለሐኪም “መርፌ አትንካ” ተብሎ ይጻፋል?

ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ በ2021 ሚያዝያ፣ ናርዲ ሺፍት ስላለባት ብቻውን ሄደ። ሎሚ፣ ጨው፣ ከካዚኖ የቀረችውን የቅባት ቆርቆሮና ስምንት ንጹሕ ጨርቅ ይዟል። አራት ሰዓት ሙሉ ሠራ። በክብ ቀባ፣ በቀጥታ አነሣ። እያንዳንዷን ፊደል በጥርስ ብሩሽ ዞረ። ሲጨርስ ሰሌዳው በረሃው መሐል እንደ ሁለተኛ ፀሐይ ቦግ አለ፤ አሞስ የሚለው ስም ውስጥ የራሱን አፍንጫ አየ። በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ ይህ ይበልጣል ብሎ ፎቶ አንሥቶ ለማኅበሩ ላከ። እንዲያውም ከሥሩ “ሠላም ለሁላችሁ፣ ተመልከቱ” ብሎ ጻፈበት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ድምፅዋ የሬሣ ቤት ይመስላል። የተነሣውን ወዝ መመለስ አይቻልም። ከዚህም በላይ መሬቱ የአሞስ ፒኬት የልጅ ልጅ የሚስ ቨርና ፒኬት ነው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ከሐውልቱ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ጠዋት በመስኮት ስታይ ሰሌዳው ዓይኗን ወጋት፤ ወጥታ አየችው፤ ከዚያም አለቀሰች። ማኅበሩ መልከጼዴቅን ከሦስቱም ሐውልቶች አግዶታል። ሚስ ቨርና ፈቃዷን ከሰጠች ይመለሳል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልሰጠች ስሙ ይሰረዛል።

ከካዚኖ ሲያስወጡት እንዲህ አልሆነም። ያን ጊዜ ሥራው የለም አሉት እንጂ ሥራህን አበላሸህ ያለው ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሙሉ አበላሸህ ተብሎ የማያውቅ ሰው በአንድ ቀን ተባለ። ለሚስ ቨርና ደብዳቤ አስጻፈ፤ ሳይከፈት ተመለሰ። ደወለ፤ ስሙን ስትሰማ ዘጋችበት። ናርዲ “ሌላ ካውንቲ እንሂድ፣ እዚያም ማርከር አለ” አለችው። አሁን ክትባቷን ወስዳለች፣ ቤት መግባትም ጀምራለች። እሱ ግን “አንዲት አሮጊት አስለቅሼ የትም አልሄድም” አላት። እንቅልፍ አጣ። ይቅር መባል ነው የሚፈልገው፤ ሐውልቶቹ ቢመለሱለት ደግሞ ደስታውን አይችለውም።

በእሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አያልቅም። ሽማግሌ ይላካል። መልከጼዴቅ ጋሽ ዘውገ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ዘውገ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የላስ ቬጋስ ሐበሻ ባልና ሚስት ግማሹ አብሮ የሚኖረው እሱ ደጃቸው ላይ ስለቆመ ነው። ችኩል በመሆኑም ይታወቃል፤ ሽምግልና ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ ሰዓቱን ያያል። አብራው እትዬ ስሜነሽ ተጨመረች። ሽምግልና የወንድ ነው ያላት አንድ ሰው ነበር፤ በኋላ ከሚስቱ ጋር ያስታረቀችው ራሷ ናት።

“እንግዲህ ስማ” አለ ጋሽ ዘውገ። “እስክትታረቅ አንቀመጥም፤ ውሃም አንቀምስም። አንተ ድንጋይ ትሸከማለህ።”

ናርዲ ለአስተርጓሚነት ተጠርታ አጠገባቸው ነበረች። “ዌት፣ ጋሽ ዘውገ፣ ድንጋይ ለምን?”

“ለይቅርታ ነዋ፣ ልጄ። አጥፊ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ደጅ የሚቆመው።”

“ፖሊስ ነው የምትጠራብን!”

“ትጥራ። ፖሊሱም ይሸመግላል።”

ድንጋዩ የተገኘው ከራሱ ከመልከጼዴቅ ግቢ ነው፤ በሣር ፈንታ ከተደረደረው የጌጥ ድንጋይ። ብርቅታይት በር ላይ ቆማ “ትልቁን አታንሣ፣ ኤችኦኤ በፎቶ ይዞታል!” ብላ ጮኸች። መካከለኛውን አነሡ።

የሰኔ ቅዳሜ ነው፤ እኩለ ቀን ሊሆን ነው፤ በረሃው እንደ ምጣድ ግሏል። የሚስ ቨርና ግቢ ሲደርሱ መልከጼዴቅ የሠርጉን ሱፍ ለብሷል፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። ጋሽ ዘውገ ባርኔጣውን አወለቀ። እትዬ ስሜነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ናርዲ ምድር ብትውጣት ትመርጥ ነበር። በረንዳው ላይ የተኛው ሽማግሌ ውሻ ራሱን ቀና አድርጎ አያቸውና እንዲህ ያለውን ነገር ለመጮህ አቅም ስለሌለው ተመልሶ ተኛ።

ሚስ ቨርና ስልክ በእጇ ይዛ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ጂንስ ለብሳለች። ሰዎቹን አየች፣ ድንጋዩን አየች።

“ምንድን ነው የምትሸጡት?”

ናርዲ ምንም እንደማይሸጡ ነገረቻት።

“ድንጋዩን ከሆነ አልገዛም” አለች ሚስ ቨርና፣ በእጇ በረሃውን ከዳር እስከ ዳር እያሳየች። “እንደምታዩት ድንጋይ አልጎደለኝም።”

ናርዲ ላብ በላብ ሆና አስረዳች፤ ይህ ሰው አባቷ ነው፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ድንጋዩ ጥፋቱ ነው። ሚስ ቨርና ጎንበስ ብላ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ፊት አየች። “ያ ወልዋዩ ነው?” አለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ድርግም አደረገችው።

“ጥሩ ነው” አለ ጋሽ ዘውገ። “መጀመሪያ በር መዝጋት ያለ ነው።”

ቆሙ። አሥር ደቂቃ፣ ሀያ ደቂቃ። የመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ ይልና ይዘጋል። ናርዲ የአባቷን እጅ ይዛ የልብ ምቱን ትቆጥራለች፤ “አባዬ፣ ድንጋዩን አውርደው፣ ፕሊስ፣ ፀሐይ የመታው ሰው፣ ሂት ስትሮክ፣ ምን እንደሚሆን አላየህም” ትለዋለች። “እሷ አውርድ ካላለችኝ አላወርድም” ይላል ከሥር። ጋሽ ዘውገ ሰዓቱን አየ። እትዬ ስሜነሽ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን ጠረገች።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ ሚስ ቨርና በረዶ የተንሳፈፈበት የሎሚ ጭማቂ በትሪ ይዛ መጣች። ማንም እጁን አልዘረጋም።

“እስክንታረቅ አይጠጡም” ብላ ተረጎመች ናርዲ። “መቀመጥም አይችሉም። ባህሉ ነው።”

“ደጄ ላይ ልትሞቱብኝ ነው? ይህማ ማስገደድ ነው!”

ጋሽ ዘውገ ምን እንዳለች ጠየቀ። ናርዲ ነገረችው። “ልክ ናቸው፣ ማስገደድ ነው” አለ፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንዳደረገ።

ሚስ ቨርና ትሪውን ይዛ ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት። ይህን ጊዜ እትዬ ስሜነሽ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበች። “ናርዲዬ፣ ይቅር በሉት አትበያቸው። ምን እንደጎዳቸው ጠይቂልኝ። የተበዳይ ቃል ሳይሰማ ምን ዓይነት ሽምግልና ነው?”

ናርዲ ጠየቀች። ሚስ ቨርና ትሪውን በረንዳው ላይ አስቀመጠች።

“ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም” አለች። “ማኅበሩ የጠየቀኝ ሰውየውን ማባረር እንደምፈልግ ብቻ ነው።”

ከዚያ ነገረቻቸው። ሰሌዳው የተተከለው እሷ በተወለደችበት ዓመት ነው። አባቷ ገና ጨቅላ ሳለች አቅፎ ወስዶ መዳፏን የአያቷ ስም ላይ አሳርፎላታል። ከዚያ ወዲያ ከዚህ ቤት ርቆ የሚሄድ ሰው ሁሉ ስሙን ነክቶ ይሄዳል፣ ሲመለስም ነክቶ ይገባል። እናቷ፣ አክስቶቿ፣ የወለዷቸው ልጆች ሁሉ። ታላቅ ወንድሟ ሬይ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኮሪያ ሲዘምት ነክቶት ሄደ፤ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልመጣም። “መቃብር የለውም” አለች። “እጁ ግን እዚያ ነበረ። ከሁሉም እጅ ጋር ተደራርቦ እዚያ ነበረ።”

ናርዲ ተርጉማ ሳትጨርስ መልከጼዴቅ ገብቶታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበት አገር ቋንቋ ነው። ቀና ለማለት ሲሞክር ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንሸራቶ አሸዋው ላይ ወደቀ። አላነሣውም። አባቱ የሚሳለሙት ደብር መቃን ታየው፤ እንጨቱ የስንት ትውልድ ግንባርና ከንፈር አልስልሶት ነበር። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ ባይ መጥቶ ያንን መቃን በመላጊያ ቢልገውና ቀለም ቢቀባው አባቱ ምን ይሉ ነበር? ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንዳይታይበትም አልሞከረም።

“አላወቅሁም አልልም” አለ፤ ናርዲ እየተከተለች ትተረጉማለች። “ወረቀቱ አትንካ ብሎኝ ነበር። ለማያውቅ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። የማያውቀው እኔ ነበርኩ። የወንድምሽን እጅ ነው ያጠፋሁብሽ። ምን ብዬ ይቅር በይኝ እንደምልሽ እንኳ አላውቅም።”

ጋሽ ዘውገ ጉሮሮውን ጠረገ። “ጥፋተኛ ነህ” አለው።

“ነኝ።”

“እንግዲህ ካሣውን ሚስ ቨርና ይወስኑ።”

ለሚስ ቨርና ካሣ የሚባለውን ነገር ናርዲ ሁለት ጊዜ አስረዳቻት። አሮጊቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። “ሰማንያ ዓመት ነው የወሰደብኝ። ሰማንያ ዓመት ከየት አምጥቶ ነው የሚክሰኝ?” አለች። ለራሷ ነው የምታወራው። ውሻው ተነሥቶ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። እሷም ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሱፉን፣ ነጠላውን፣ የወደቀውን ድንጋይ። ከዚያ ድንገት፣ “ስንት ሰው ታውቃለህ?” አለችው።

“እንዴት ያለ ሰው?”

“ሰው። ዘመድ፣ ጓደኛ፣ እጅ ያለው ሰው።”

መልከጼዴቅ ግራ ተጋባ። ጋሽ ዘውገ ግን ነገሩ ቶሎ ገባው። “በዕድራችን ብቻ አራት መቶ አባወራ አለ በያቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ሳንጨምር።”

“አምጣቸው” አለች ሚስ ቨርና። “ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግህ። መጥተው እጃቸውን ያሳርፉበት። እኔ ወዙ ሲመለስ ለማየት አልደርስም፤ ግን ተጀምሮ ልየው። ለማኅበሩም እደውላለሁ።”

“ይቅር አሉ ማለት ነው?” አለ ጋሽ ዘውገ።

ናርዲ ጠየቀች። “ጭማቂውን ጠጡ በያቸው” አለች ሚስ ቨርና፤ ጋሽ ዘውገ ይህን ይሁን ብሎ ተቀበለው። በረዶው ሟሙቶ ነበር። ጠጡ፣ ተቀመጡ፣ እትዬ ስሜነሽ ይዛው የመጣችውን ዳቦ ቆረሰች፤ ሚስ ቨርናም ሦስት ጊዜ ደገመች።

ሰሌዳውን በዚያ ሰዓት መንካት አይቻልም፤ ፀሐዩ አግሎታል። ጥላ እስኪያርፍበት ጠበቁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተነሥተው ሄዱ። እትዬ ስሜነሽ አማትባ ማስኳን ሳታወልቅ ተሳለመችው። ጋሽ ዘውገ እንደ ማኅተም አድርጎ መዳፉን ረገጠበት። ናርዲ በቀን መቶ ጊዜ በአልኮል የምታሸው እጇን ስሙ ላይ አሳረፈች፣ ስታነሣው ደግሞ አየችው።

መልከጼዴቅ ተራው ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ያብረቀርቃል፤ ራሱ ነው ያበራው።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለች ሚስ ቨርና። መዳፏን በእጁ ጀርባ ላይ አድርጋ ወደ ታች ተጫነችው። ብረቱ ገና ለብ እንዳለ ነው። የሚበቃ መስሎት እጁን ሊያነሣ ሲል የእሷ እጅ አልተነሣም።

“ካለፈው ዓመት መጋቢት ወዲህ” አለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል፣ “ሰው ስነካ የመጀመሪያዬ ነው።”

ናርዲ ለመተርጎም አፏን ከፍታ ዝም አለች። አባቷ ትርጉም አላስፈለገውም። እጁን እዚያው አቆየ፤ ጥላው ድንጋዩን አልፎ መንገዱ ዳር እስኪደርስ ድረስ። ጋሽ ዘውገ እንኳ ሰዓቱን አላየም።